ቦሌ ላይ 13 ፍሬም፦ ኤክስ-ፕሌን 11 በድሮ ዴስክቶፕ ላይ ለምን ይንቀራፈፋል?

ኤክስ-ፕሌን 11 የተባለው የበረራ ሲሙሌተር ኮምፒውተሩ ላይ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ለመጠየቅ ፎረማችን ላይ ክሩን (የውይይት ገጹን) የከፈተው ልጅ ጥያቄውን በደንብ ነው ያቀረበው። ብዙ ሰው ሲሙሌተሬ ስታክ ያደርጋል ብሎ አንድ መስመር ይጽፍና ይጠፋል። እሱ ግን ያለውን ሁሉ ዘረዘረ። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቷል። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኢንቴል ኮር አይ5-4590 ነው። አራት ኮር (ሥራ የሚካፈሉ የስሌት ክፍሎች) አለው፣ መደበኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.7 ይወጣል። ራሙ 8 ጊጋባይት ሲሆን ያውም አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩ ተራ ነው። በኋላ ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ጨምሮበታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኤክስ-ፕሌን 11 ነው የሚያበርበት።

ችግሩን በሦስት ነገር ገለጸው። አንደኛ፣ ቦሌ ኤርፖርት ላይ ሲከፍተው በሰከንድ ከ20 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚሳል ምስል) በላይ ያገኛል፣ ትንሽ ከበረረ በኋላ ግን ወደ 13 ይወርድና እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ፣ የስክሪኑን ጥራት ከ1080 ወደ 720 ቢያወርደውም ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ሦስተኛ፣ ሴስና 172 በምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ከቦሌ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ላይ ግን በግድግዳ ሰዓት ሲለካው ከታሰበው ጊዜ በጣም ይረዝማል። አውሮፕላኑም ከመሬት ለመነሳት ይለግማል ብሏል።

ልብ ብሎ ለሚያነብ መልሱ ከሞላ ጎደል እዚሁ ጥያቄው ውስጥ አለ። ከዚህ በኋላ የመጡትን መልሶች እየተከተልኩ የምነግራችሁም ለዚህ ነው። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፣ በየጊዜውም ሰው ሳይለካ ገንዘቡን ያጠፋል። እኔን ያንገበግበኛል።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ሁሉንም ሴቲንግ ዝቅ አድርገህ ሞክር ብሎ መከረ። ልጁ አመስግኖ ጥራቱን አውርዶ እንደሞከረና ለውጥ እንዳላየ ደገመ። ይህን ነገር ያስተዋለ አልነበረም። የስክሪን ጥራት ሲወርድ ሥራ የሚቀልለት ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሥራ ቀልሎለት ፍሬም ካልጨመረ እንቅፋቱ ካርዱ አይደለም ማለት ነው።

መልስ 2 ግን ቀጥታ ወደ ካርዱ ሄደ። 1050 ቲአይ ያረጀ ስለሆነ ሸጠህ ትልቅ ግዛ አለው፣ ከ200 ዋት በላይ የሚጎትት ካርድም ጠቆመ። መልስ 3 ወዲያው ቆጣ ብሎ መጣ። የቢሮ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ 300 ዋት እንኳ አይሞላም፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም ብዙ ጊዜ የለውም። 1050 ቲአይ እንዲህ ዓይነት ማሽን ውስጥ የሚገባው 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ ላይ ብቻ ስለሚወስድ ነው። ሰውን ወጪ ከማስወጣትህ በፊት የምትመክረውን እወቅ ብሎ ጨረሰ። አነጋገሩ ይጎረብጣል፣ ነገሩ ግን ልክ ነው።

መልስ 4 የተለመደውን ጥርጣሬ አነሳ። የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ ነው የተሰካው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ብዙ ሰው ካርድ ይጨምርና ገመዱን ከነበረበት ሳያነሳ፣ ሁሉን ነገር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ሲያበር ይከርማል። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ግን አልሠራም። ልጁ መልስ 5 ላይ ገመዱ በትክክል ካርዱ ላይ እንዳለ አሳወቀ። ኤክስ-ፕሌን በራሱ ፎልደር ውስጥ የሚጽፈውን የሎግ ፋይል (የሥራ መዝገቡን) ከፍቶ የ1050 ቲአይን ስም አግኝቷል። ሲሙሌተሩ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ቩልካን የሚባለው መንገድም በርቷል። ቩልካን ኤክስ-ፕሌን ውስጥ የገባው በ2020 በ11.50 ስሪት ነው፣ የፕሮሰሰሩንም ጫና ያቀላል። የዚህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ዊንዶውስ ላይ ቩልካንን ስለማይደግፍ፣ ቩልካን መሥራቱ በራሱ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 6 ላይ የመጣው ሰው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ወዳጅ ነው። በ2006 የወጣ ስለሆነ ለድሮ ማሽን ከእሱ የተሻለ እንደሌለ፣ እሱ ራሱ ከዚህ ባነሰ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት እንደበረረበት ተረከ። የሌሊት በረራዎቹን ሲያወራ ደስ ይላል። መልስ 7 ግን አረመው። ያ ሲሙሌተር 32 ቢት ነው። ራምህ የፈለገውን ያህል ቢበዛ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። ተጨማሪ ኤርፖርትና ከባድ አውሮፕላን ሲጫንበት ማስታወሻው ሞልቶ መሬት ልትነካ ስትል ይዘጋል። አብዛኛውንም ሥራ አንድ ኮር ላይ ይጭናል፣ ስለዚህ ፕሮሰሰርህ ከተዳከመ እሱም ያው ይንቀራፈፋል። መልስ 8 የዚያኑ ሲሙሌተር የኮንፊግ ፋይል (የማስተካከያ ፋይል) መስመሮች ገልብጦ ለጠፈ። ልጁ የሚጠቀመው ኤክስ-ፕሌን መሆኑን ጭራሽ አላነበበም። እንዲህ ዓይነት መስመር ከሰው ሰው እየተገለበጠ ይዞራል። ምን እንደሚሠራ የማታውቁትን መስመር ፋይላችሁ ውስጥ አታስገቡ።

መልስ 9 የእኔ ነው። ከመገመት እንለካ አልኩ። ኤክስ-ፕሌን ውስጥ ሴቲንግ ገብተህ ዳታ አውትፑት በሚለው ክፍል የፍሬም ሬትን መስመር ኮክፒት ላይ እንዲታይ ታደርጋለህ። ከዚያ እየበረርክ ሁለት ቁጥር ታያለህ። አንዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም ፕሮሰሰሩ የወሰደው ጊዜ ነው፣ ሌላው ካርዱ የወሰደው። ትልቁ ቁጥር ያለበት ነው የያዘህ። ከዚህ በላይ ፈጣንና ነፃ ምርመራ የለም። የማይክሮሶፍት 2020 ሲሙሌተር ላለውም ዴቨሎፐር ሞድ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ፣ እንቅፋቱ የትኛው እንደሆነ በቃል ይጽፍልሃል።

መልስ 10 ላይ ልጁ ቁጥሩን ይዞ መጣ። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 75 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ካርዱ 20 እንኳ አይሞላም። በሰከንድ 13 ፍሬም ማለት ለአንዱ 77 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጊዜው በሙሉ ማለት ይቻላል ፕሮሰሰሩ ጋ ነው የሚጠፋው። ካርዱ ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መልስ 2 ላይ የተመከረው ካርድ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ፍሬም አይጨምርም ነበር።

እዚህ ጋ ሌላ ክርክር ተነሳ፣ እኔ በጣም የወደድኩት። መልስ 11 የልጁን ሦስተኛ ቅሬታ አነሳ። አውሮፕላኑ ለመነሳት የሚለግመው በኮምፒውተሩ ምክንያት አይደለም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሴስናው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፣ ክንፉም የሚይዘው አየር ያንሳል። ሚክስቸሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነውን) እስከ ጫፍ ገፍተህ የምትነሳ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት የባሰ ይደክማል። ሳብ አድርገህ አሳሳው ብሎ በትዕግሥት አስረዳው። መልስ 12 አመሰገነ፣ እሱም ለካ ለወራት በዚህ ሲቸገር ኖሯል። መልስ 13 ላሊበላ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ መተረክ ጀመረ፣ ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን ለሌላ ክር።

መልስ 14 ሁሉንም ወደ ጉዳዩ መለሰ። ለአነሳሱ የከፍታው ነገር እውነት ነው፣ የባሕር ዳሩን ሰዓት ግን አይመልስም። ኤክስ-ፕሌን ፍሬሙ ከ20 በታች ሲወርድ የበረራ ስሌቱ እንዳይበላሽበት የሲሙሌተሩን ጊዜ ራሱን ያዘገያል። ማለትም ኮክፒት ውስጥ አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ውጭ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፏል። ልጁ በ13 ፍሬም ሲበር የግድግዳው ሰዓት የሚቀድመው ለዚህ ነው። መልስ 11ን የጻፈው ሰው ትንሽ ከፋው። እኔ ስለ አነሳሱ እንጂ ስለ ሰዓቱ አላወራሁም ብሎ መልስ 15 ላይ ሞገተ፣ 14ም መልሶ ነካ አደረገው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንድ ሰው ቀርፋፋ ነው ሲል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን እንደሚችል ከእነሱ ክርክር በግልጽ ይታያል።

መልስ 16 ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ ሜሪላንድ ከሚኖር ወንድማችን። ያረጀ ማሽን ላይ ጊዜህን አታጥፋ፣ ይህን ጥለህ አዲስ ገንባ፣ ማይክሮሶፍት 2020ን ጫን አለው። መልስ 17 ነደደ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ ታውቃለህ ወይ፣ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ ከየት ያመጣል፣ እያለ ወረደበት። ዶላር ለሚያገኝ ሰው ምክር ቀላል ነው እስከማለት ደረሰ። ይህ ከመስመር የወጣ ነበር። መልስ 18 መሐል ገብቶ አበረዳቸው። የ2020ው ዝቅተኛ መስፈርት አይ5-4460፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ጂቲኤክስ 770ና 150 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነው። በወረቀት የልጁ ማሽን ያልፋል። ግን ዝቅተኛው መስፈርት ይከፈታል ማለት እንጂ ይመቻል ማለት አይደለም። ከዚያም በላይ የመሬቱን ምስል እየበረርክ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው። ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የሜሪላንዱ ሰው በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ ማሳነስ እንዳልፈለገና ለልጁ ኤስኤስዲ (ከተራው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) በመንገደኛ ሊልክለት እንደሚችል ጻፈ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው እወዳለሁ።

ክሩን የፈታው ግን መልስ 19 ነው። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እስካሁን የጻፍነውን ሁሉ ትተው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ። ልጁ ሲከፍተው ከ20 በላይ እንደነበር፣ ከቆይታ በኋላ ወደ 13 እንደሚወርድ ጽፏል፣ ይህን ለምን አለፋችሁት ብለው ጠየቁን። ሴቲንግ ቢሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ይል ነበር። እየቆየ የሚመጣ ድካም ሙቀት ነው የሚያስጠረጥረው። ልጄ፣ አሉት፣ እየበረርክ ታስክ ማናጀር ክፈትና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ተመልከት። ሙቀቱንም የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አውርድ። አንድ ነገር ቀይር፣ ለካ፣ ጻፍ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየርክ የቱ እንደሠራ አታውቅም።

መልስ 20፦ ልጁ ለካ። ሲጀምር ፍጥነቱ ከ3.3 ጊጋኸርዝ በላይ ነው። ሙቀቱ እየወጣ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ከዚያ ፍጥነቱ ከ2 በታች ይወርዳል። ይህ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲነካ እንዳይቃጠል ራሱን ይቀንሳል፣ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ራሱን እያዳነ ነው።

መልስ 21 የሚገርም ሐሳብ አመጣ። መልስ 11 ላይ የተነገረው የሳሳ አየር የኮምፒውተሩን ፋንም ይመለከታል አለ። ፋን የሚያበርደው አየር በመግፋት ነው፣ አየሩ ከሳሳ በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። መልስ 22 ሳቀበት፣ እንዲህማ ከሆነ የአዲስ አበባ ኮምፒውተር ሁሉ ይቃጠል ነበር ብሎ። በእኔ ግምት 21 ልክ ነው፣ ነገሩ እውነተኛ ነው፣ ግን ጥቂት ዲግሪ ነው የሚጨምረው። የአዲስ አበባ አየርም ቀዝቃዛ ስለሆነ ያካክሰዋል። 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ካሱን ሲከፍት ተገኘ። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሐል አቧራው ተጋግሮ አየር አያሳልፍም። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ሻጩ ውጩን ወልውሎ ነው የሚሰጣችሁ፣ ውስጡን ክፈቱ።

ከ23 እስከ 26 ያሉት መልሶች ስለ ጽዳቱ ናቸው፣ እነዚህን በደንብ አንብቧቸው። ከኃይል ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። አቧራውን በብሎወር ወይም በለስላሳ ብሩሽ አውጡ፣ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በኃይል ከተሽከረከረ ሊጎዳ ይችላል። ማቀዝቀዣውን ስታነሱ ከሥሩ ያለው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ከሆነ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። አዲሱን ፔስት የምስር ፍሬ የምታክል ብቻ መሐሉ ላይ አድርጉ። አንዱ መልስ ሰጪ ብዙ ሲሆን ይሻላል ብሎ ነበር፣ ጋሼ በትሕትና አረሙት። ፔስት ሥራው በሁለቱ ብረቶች መሐል ያለውን ቀዳዳ መሙላት ነው፣ ሲወፍር ሙቀት ያግዳል። ብሎኖቹንም በሰያፍ በሰያፍ ነው የሚያጠብቋቸው፣ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው አይኬድም።

መልስ 27 ላይ ልጁ ውጤቱን አመጣ። ፔስትና ጽዳት ብቻ፣ ሌላ ምንም አልነካም። ሙቀቱ ረጅም በረራ ላይ ከ70 ብዙ አላለፈም። ፍጥነቱ ከ3.3 አልወረደም። ቦሌ ላይ ከ25 ፍሬም በላይ አገኘ፣ ከበረረ በኋላም አልወደቀም። ሰዓቱም ከግድግዳው ጋር ገጠመ። ወጪው የፔስቱ ዋጋ ብቻ ነው። ደስታው ከጽሑፉ ይታወቅ ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማስተካከያ ነው። መልስ 28 ላይ እኔ ሴቲንጉን ጻፍኩለት። የነጸብራቅ ደረጃውን እስከ መጨረሻው አውርደው፣ ለድሮ ማሽን በጣም ውድ ነገር ነው። መሬቱ ላይ የሚታዩትን ዕቃዎች ብዛት ዝቅ አድርግ፣ ፕሮሰሰሩን የሚጭነው እሱ ነው። ሌሎች አውሮፕላኖችን አጥፋ፣ እያንዳንዳቸው በፕሮሰሰሩ ይሰላሉ። የቴክስቸር (የገጽታ ምስሎቹን) ጥራት ግን ማውረድ አያስፈልግህም፣ እሱ የካርዱን ማስታወሻ እንጂ ፕሮሰሰሩን አይነካም፣ ካርድህም ሥራ ፈት ነው። ክሮምን ዝጋ፣ በ8 ጊጋባይት ራም ላይ ሁለቱ አይስማሙም።

መልስ 29 ኤስኤስዲ ስቀይር ፍሬሜ እጥፍ ሆነ አለ። መልስ 30 በደረቁ አይደለም ብሎ መለሰለት። ኤስኤስዲ ሲሙሌተሩ ቶሎ እንዲከፈትና አዲስ መሬት ሲጭን እየተቆራረጠ እንዳይቆም ያደርጋል። በሰከንድ የሚሳለውን ፍሬም እጥፍ አያደርግም፣ ምናልባት ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሲጭን ሌላ ችግር አብሮ ጠፍቶለት ይሆናል። ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ፍሬምና ድንገት ድንገት መቆም ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፣ በዚህ ከ30 ጋር ነኝ። ለልጁ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ ሁለተኛ የ8 ጊጋባይት ራም እንዲገዛ ነው የተስማማነው፣ ባዶው ማስገቢያ ላይ ሲገባ ሁለቱ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። ኤስኤስዲው ከሜሪላንድ ይመጣል።

መልስ 31 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃ፣ ይህ ፕሮሰሰር ደግሞ በዊንዶውስ 11 የተደገፉት ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ አስታወሰ። ትክክል ነው። ኤክስ-ፕሌን ሊኑክስ ላይም ስለሚሠራ አንድ ሁለት ሰው ያንን መንገድ ጠቆሙ፣ ልጁም እረፍት ሲሆን እሞክራለሁ አለ። መልስ 34 ላይ አንድ አዲስ ሰው ላፕቶፑ ከባትሪ ጋር ሲሆን ብቻ ፍሬሙ እንደሚወርድ ጽፎ ጠየቀ። ጋሼ የራሱን ክር እንዲከፍት፣ ሲከፍትም የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ጊዜ፣ ፍጥነቱንና ሙቀቱን፣ ቻርጀሩ ተሰክቶም ተነቅሎም ለክቶ እንዲያመጣ ነገሩት።